የታምራት ላይብረሪ

ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ነካው?» ነው። ቀጥሎ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ «ምን ትቶ ሄደ?» ይባላል። ለመጀመሪያው ጥያቄ ዛሬም ድረስ የሚያጠግብ መልስ የለኝም። ለሁለተኛው ግን በሞላ ድንኳን ፊት፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ መልስ ሰጠሁ። ከዚያ በኋላ የመጣብኝ መዘዝ ሁሉ የዚያች መልስ ልጅ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ታምራት የላብራቶሪ ባለሙያ ነበር። የከተማችንን የሶዶን ሕዝብ ግማሽ ደም በማይክሮስኮፕ አይቶታል ብል አጋነንክ እንዳትሉኝ። ካላችሁኝም ግድ የለም፣ አጋንኛለሁ። ብቻ አብሬው ስሄድ መንገድ ላይ ሰው ሁሉ እያስቆመ ስለ ታይፎይዱ ያወራው ነበር። የሌላውን ደም ሲያይ ኖሮ የራሱን ያየው ግን በጣም ዘግይቶ ነው። ታመመ፣ ተኛ፣ ሄደ። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ከተናገርኩ ወጉ እዚሁ ያበቃል፣ እናንተም መሐረብ ፍለጋ ትሄዳላችሁ።

ድንኳኑ ሳይነሳ አቶ ማርቆስ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ሲጸልዩ ድምፃቸው ማይክ አያስፈልገውም፤ ሲያንሾካሹኩም እንደዚያው ነው።

«ልጃችን ምን ትቶ ሄደ?» ብለው አንሾካሾኩ። ድንኳኑ በሙሉ ፀጥ አለ። «ባለቤቱ እንዳትቸገር ብዬ ነው።»

በዚያው ቀን ጠዋት ለግድግዳ የሚሆን ፎቶ ፍለጋ የታምራትን ላፕቶፕ ከፍቼ ነበር። ኔትወርክ ስላልነበረ ስክሪኑ ላይ ሥዕል አልመጣም፤ ባዶ ባዶ ሳጥኖች ብቻ ተደርድረዋል። ከላይ ግን በትልቁ በእንግሊዝኛ «ላይብረሪ» ይላል። እኔ ደግሞ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። እንግሊዝኛ ቃል አይቼ ትርጉሙን ሳልናገር ማለፍ በሽታዬ ነው፤ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለውን እንኳ ለፋርማሲስቱ እተረጉምለታለሁ።

«ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ትቷል» አልኩ።

እናንተዬ፣ አንድ ቃል ድንኳን ውስጥ እንዴት እንደሚሮጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። «ለካ ለዚህ ነው ዝም የሚለው!» አለ አንዱ። «ዓይኑ ይቀላ የነበረው በንባብ ነው» አለ ሌላው። አንድ የማላውቀው ሰውዬ ተነስቶ፣ ከታምራት መጽሐፍ ተውሶ ሕይወቱ እንደተለወጠ መሰከረ። ከሴቶቹ በኩል የወንድሜ ባለቤት አስቴር ዓይኗን አፍጥጣ ልትነሳ ስትል አየኋት። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ሐዘኑ ተነሳባት ብለው ጎትተው አስቀመጧት።

እሑድ ዕለት አቶ ማርቆስ ከመድረክ ላይ፣ የወንድማችን የታምራት መጻሕፍት ለወጣቶች ንባብ ክፍል መሰጠታቸውን አበሰሩ። ማን እንደሰጠ አላውቅም፤ እኔ እንኳ አጨብጭቤያለሁ። በሳምንቱ አናጢው በነፃ የሠራው መደርደሪያ ተጠናቆ፣ ስሙ በወርቃማ ቀለም ተጽፎበት፣ በአህያ ጋሪ ተጭኖ አስቴር ደጃፍ ቆመ። አቶ ማርቆስ ከጋሪው ጎን ለመጻሕፍቱ የሚሆን ባዶ ካርቶን ይዘው ቆመዋል።

አስቴር በሩ ላይ ሆና አየችኝ። የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ መርፌ ከመውጋቷ በፊት በሽተኛውን የምታየው አስተያየት አላት።

«ጋሼ፣ አንተ ንገራቸው።»

«ምኑን?»

ነገረችኝ። ለአቶ ማርቆስ ለመንገር ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ ስለዚህ ላፕቶፑን አመጣሁና ጠረጴዛ ላይ ከፈትኩት። ያን ቀን ኔትወርክ ነበር። ባዶዎቹ ሳጥኖች እየሞሉ መጡ። መጀመሪያ የመጣው ባለ ቀንድ፣ ባለ መጥረቢያ፣ እስከ ጉልበቱ ደም ውስጥ የቆመ ፍጡር ነው። አቶ ማርቆስ መነፅራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ይሄ… ስለ መጨረሻው ዘመን የተጻፈ ነው?»

«ጌም ነው፣ አቶ ማርቆስ» አለች አስቴር። «ሁሉም ጌም ነው። ማታ ማታ ከሥራ ሲመጣ ይጫወታል። አንዳንዴ አብረን ነበር የምንጫወተው።»

እናቴ ጥግ ላይ መደብ ላይ ተቀምጣለች፤ የምትኖረው ሻንቶ ነው፤ ከቀብሩ ወዲህ ግን ወደ ሶዶ ትመላለሳለች። ምን እንደሆነ በወላይትኛ ጠየቀችኝ። የልጇ ቤተ መጻሕፍት መጫወቻ እንደሆነ ነገርኳት። «መጫወቻ መሆኑ ምን ነውር አለው?» አለች። «ልጅ እያለ መቼ ጠግቦ ተጫወተ?»

ያን ጊዜ አስቴር ወንበሯን ሳብ አድርጋ አንዱን ጌም ከፈተች። እግር ኳስ ነው። የራስን ቡድን መሥራት ይቻላል፤ ስም ማውጣት፣ መልክ መስጠት፣ ማሰለፍ። ታምራት ቡድኑን በከተማችን ተራራ ስም «ዳሞታ» ብሎታል። ተጫዋቾቹ ሲወጡ ሁላችንም ወደ ስክሪኑ ተሳብን።

በረኛዋ እናቴ ናት። ጨዋታው ሴት ስለማያሰልፍ ታምራት በወንድ አካል ላይ መልኳን ለማምጣት ታግሏል፤ ጉንጯንና ግንባሯን በደንብ ይዟታል፤ ቀጭን ጢም ግን ማጥፋት አልቻለም። አስቴር አጥቂ ናት። የቀኝ ተከላካዩ ጠይም፣ ደልዳላ፣ መሐል አናቱ የተመለጠ ነው፤ ማልያው ላይ «ማርቆስ» ይላል። አምበሉ ራሱ ታምራት ነው፤ ቀጭን፣ ጆሮው ትንሽ ወጣ ያለ። እኔን ፈለግሁ። ሜዳው ውስጥ የለሁም። አስቴር አንገቷን ደፍታ ሌላ ገጽ ከፈተችልኝ፤ ተቀያሪዎች መሐል መጨረሻ ላይ ተቀምጫለሁ። መነፅሬን እንኳ አልረሳውም።

«አንድ ቀን አስገብቶህ ነበር» አለች አስቴር ልታጽናናኝ። «በራሳችን ላይ አገባህ።»

አቶ ማርቆስ አልሰሟትም። ፊታቸው ከስክሪኑ በስንዝር ቀርቷል። «ይሄ እኔ ነኝ?» አሉ። ጨዋታው ተጀመረ። ስክሪኑ ውስጥ ያሉት ማርቆስ እየሮጡ ሄደው የአንድ ባላጋራን እግር ጠረጉ። እውነተኛው አቶ ማርቆስ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ኳሷን ነው የነካሁት!» ብለው ጮኹ። ውጪ አህያዋ ደነገጠች። መደርደሪያው ተመልሶ ሄደ፤ ዛሬ የመዘምራን ጫማ ይቀመጥበታል።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አስቴር ቤት የምንሰበሰብበት ምክንያት ተገኘ። አቶ ማርቆስ የሚመጡት «ቤተሰቡን ለማጽናናት» ነው። እናቴ ከሻንቶ በሚኒባስ፣ በዘምቢል ጎደሬ ይዛ ትመጣለች። ኳስ አይገባትም፤ በረኛዋ እሷ መሆኗንም ከቁብ አትቆጥረውም፤ ጎል ሲገባባት «ደህና አድርገዋል» ትላለች። የምታየው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ቀጭን ልጅ ሲሮጥ አንገቷ አብሮት ይሄዳል። ሲወድቅ «እህ» ትላለች፤ ሲነሳ ትተነፍሳለች። አስቴርም ብትሆን፣ ጎል ፊት ለፊት ብቻዋን ቆማ እንኳ፣ ኳሱን ለእሱ ነው የምታቀብለው። በዚህ ምክንያት ዳሞታ ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። ማንም አላማረረም።

እኔ ግን ሰላም የማይሰጠኝ ሰው ነኝ። አንድ ቅዳሜ ጨዋታው ከመከፈቱ በፊት አዲስ የውል ስምምነት መጣና «እስማማለሁ» በሉ አለን። አስቴር ሳታነብ ነካችው። እኔ አነበብኩት። ካነበብኩት በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። አካውንቱ በሟች ስም ነው። ነገ ፓስዎርድ ቢጠይቅስ? ቢሰረቅስ? ወደ ሕጋዊ ወራሹ ወደ አስቴር ስም መዞር አለበት አልኩ።

«ጋሼ፣ ተወው» አለች አስቴር። «ይሠራል። የሚሠራ ነገር አይነካም።»

የሷ ምክር ይኸው ነበር። የተማረ ሰው ምክር አይሰማም ብላችሁ እለፉት።

ውርስ የሚያረጋግጥልኝ ፈልጌ አንድ ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ትሑት ነበረች።

«ንብረቱ ምንድነው?»

«ጌም።»

«ጌም ቤት ነበረው?»

«ቤት የለውም። ጌሞቹ ብቻ ናቸው።»

«እሺ፣ ማሽኖቹ የት ይገኛሉ?»

«ማሽን አይደሉም። ክላውድ ላይ ናቸው።»

«ምን ላይ?»

በሽታዬ ተነሳብኝ፤ ተረጎምኩላት። «ደመና ላይ።»

ልጅቱ በመስኮት ወደ ላይ አየች። ጊዜው ክረምት ነው፤ የዳሞታ ተራራ አናቱን በደመና ተከናንቧል። «የዚሁ የዳሞታው?» ብላ በቅንነት ጠየቀችኝ፤ ቀጥላም ንብረቱ በሰሜን ከማን ጋር እንደሚዋሰን ልትጠይቀኝ ብዕሯን አነሳች። እንደገና ላስረዳት ሞከርኩ። ባስረዳሁ ቁጥር ፊቷ እያዘነልኝ መጣ። በመጨረሻ ብዕሯን አስቀመጠችና ዝቅ ባለ ድምፅ «ወንድሜ፣ ሐዘኑ ገና አልወጣልህም። ሻይ ጠጣና ሌላ ቀን ተመለስ» አለችኝ። ሻዩን ጠጣሁ። አልተመለስኩም።

ለምን በቀጥታ ለጌሞቹ ባለቤት ድርጅት አልጽፍም አልኩ። ባሕር ማዶ ነው ያለው፤ የት እንደሆነ አላውቅም። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ እንግሊዝኛ ጽፌ አላውቅም። ተማሪዎቼ የሚሳሳቱትን ሁሉ ሳልሳሳት፣ ሐዘኑን በአንድ አንቀጽ፣ ጥያቄውን በሌላ አንቀጽ አድርጌ፣ «ወንድሜ ታምራት ስለሞተ አካውንቱ ወደ ባለቤቱ ወደ አስቴር እንዲዞር በትሕትና እጠይቃለሁ» ብዬ ዘጋሁ። የሞቱን የምስክር ወረቀት ከነማኅተሙ ፎቶ አንስቼ አያያዝኩ። ድርጅቱ ከተመዘገበ አድራሻ ካልሆነ መልእክት አልቀበልም ስላለኝ ከታምራት ኢሜይል ላክሁት።

መልሱ ውሎ ሳያድር መጣ። እንዲህ ይላል፦

«ውድ ታምራት፣ ስለ መሞትህ ስላሳወቅኸን እናመሰግናለን። በደረሰብህ ነገር ከልብ አዝነናል።»

ሳቄ መጣ፤ ልስቅ አፌን ከፍቼ ቀሪውን አነበብኩ። ጌሞቹ የታምራት ንብረት ሆነው አያውቁም ይላል። ታምራት የነበረው እንዲጫወት የተሰጠው ፈቃድ ብቻ ነው። ፈቃዱ ለእሱ ብቻ ነው፤ አይሸጥም፣ አይሰጥም፣ አይወረስም። «ስለዚህ በጥያቄህ መሠረት አካውንትህን ዘግተናል» ይልና ከታች፣ በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተሃል ብሎ ኮከብ እንድሰጥ ይጠይቀኛል። አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

ለአስቴር ቶሎ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኩም። ምናልባት ሐሳባቸውን ይለውጡ ይሆናል፣ ምናልባት ኔትወርኩ ሲመጣ ይከፈት ይሆናል እያልኩ ቅዳሜ ደረሰ።

እናቴ ዘምቢሏን አስቀምጣ መደቡ ላይ ተቀመጠች። አቶ ማርቆስ እጃቸውን እያሻሹ ገቡ። አስቴር ከፈተች። ስክሪኑ ላይ ግራጫ ገጽና አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ቀረ። እንደገና ሞከረች። ያው ነው።

«መብራት ነው?» አለች እናቴ።

«አይደለም።»

«ኔትወርክ ነው?»

በከተማችን ኔትወርክ የማይሸከመው ጥፋት የለም። «አዎ» ብል ኖሮ ሌላ ሳምንት እገዛ ነበር። ግን አስቴር ጽሑፉን አንብባ ጨርሳ ወደ እኔ ዞራለች፤ በዚያ የመርፌ አስተያየቷ እያየችኝ ነው።

«እማዬ፣ ዘግተውታል» አልኩ።

«ለምን?»

«መሞቱን ሰምተው ነው።»

«ማን ነገራቸው?»

«እኔ።»

እናቴ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ስለ ሕግ፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ፈቃድና ንብረት ልዩነት በወላይትኛ ላስረዳት ስሞክር፣ የቋንቋው ቃል ሁሉ ከአፌ ጠፋ። እሷ እስክጨርስ ጠበቀችኝና «መቅበራችን አንሶህ ነው?» አለች። ተነሳች፤ ዘምቢሏን ይዛ ወደ ማድቤት ሄደች። ጎደሬ ስትልጥ የቢላዋው ድምፅ ይሰማናል። አቶ ማርቆስ ቆብ የሌለውን ራሳቸውን ዳሰሱ። «ለዛሬ ጨዋታ ነበረን» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ እንዳላይ ጀርባዬን ሰጥቼው ቆምኩ። ወንድሜን በምድር ሳላኖረው የቀረሁት በአቅም ማጣት ነው። እዚያ፣ ሣሩ በማይደርቅበት ሜዳ ላይ ግን ደህና ሲሮጥ የነበረውን ልጅ ያስቆምኩት በሰዋስው ነው።

አስቴር የድርጅቱን ኢሜይል ከፍታ ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። «ጋሼ፣ እዚህ ታች ምን ይላል?»

«አካውንቱ በስህተት ተዘግቶ ከሆነ ባለቤቱ ራሱ ያመልክት ይላል።»

«ያመልክታ።»

«ማን?»

«ታምራት። ‹አልሞትኩም› በላቸው። ከእሱ ኢሜይል አይደል የምትጽፈው? እነሱ እንደሆኑ ከእሱ ጋር ነው የሚያወሩት።»

እኔ እሑድ እሑድ ልጆች የማስተምር ሰው ነኝ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ልኬ፣ አሁን ደግሞ ሟቹን «ደህና ነኝ» ላሰኘው ነው? ወደ አቶ ማርቆስ ዞርኩ። ልቤ፣ ይቆጡኛል፣ እኔም እገላገላለሁ ብሎ ነበር።

አቶ ማርቆስ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ አሰቡ። «ወንድማችን በጌታ አንቀላፋ ነው ያልነው» አሉ በመጨረሻ። «በጌታ ያንቀላፋ ደግሞ ሕያው ነው። ይሄን በቀብሩ ላይ እኔው ነኝ ያስተማርኩት፤ አንተም አሜን ብለሃል። ስለዚህ ‹ሕያው ነኝ› ብትል ሐሰት አይደለም።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፦ «‹ጤነኛ ነኝ› ግን አትበል። እሱ ይከብዳል።»

ጻፍኩ። «ስሜ ታምራት ነው። ሕያው ነኝ። ወንድሜ ነው የተሳሳተው» አልኩ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ማንም አላዘዘኝም፤ ከመላኬ በፊት ግን ከሁሉም እውነተኛዋ እሷ እንደሆነች ገባኝ።

የመለሰልን ማሽን ነው መሰለኝ፣ ሳንነሳ መለሰ። ባለቤቱ መሆንህን አረጋግጥ አለ፤ አካውንቱን ስትከፍት ያስመዘገብኸውን ጥያቄ መልስ። ጥያቄው «በልጅነትህ ቤት ውስጥ ምን እያሉ ይጠሩህ ነበር?» የሚል ነው።

«ታሜ» ብዬ ጻፍኩ። አይደለም አለ። አስቴር «ታምሩ ይሆናል» አለች። አይደለም አለ። አንድ ዕድል ብቻ እንደቀረን ነገረን። አስቴር ባሏ በልጅነቱ ምን እንደሚባል አታውቅም። እኔ ደግሞ ታላቁ ነኝ፤ ከገጠር ወጥቼ ሶዶ ከዘመድ ቤት ሆኜ ስማር እሱ ገና ድክ ድክ ይል ነበር፤ የሚጠራበትን ስም ሳልሰማ አደገ።

ማድቤት ያለው የቢላዋ ድምፅ ቆመ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ለካ ስትሰማን ቆይታለች። ምን እንደተጠየቅን ነገርኳት። ከቀብሩ ወዲህ ስሙን ስትጠራ ሰምቻት አላውቅም፤ «ያ ልጅ» ነው የምትለው። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ በእኔ በኩል አልፋ ስክሪኑ ፊት ቆመች፣ እሱ ድምፅዋን የሚሰማ ይመስል ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አለች።

«ቱቱ» አለች።

ከዚያ በወላይትኛ «ታ ናኣው» ብላ ጨመረችበት፤ ልጄ ማለቷ ነው። አስቴር ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔ «ቱቱ» የምትለዋን ብቻ ጻፍኩና ላክሁ።

ስክሪኑ ጥቂት ዞረ። ግራጫው ገጽ ጠፋ። ሳጥኖቹ አንድ በአንድ እየሞሉ መጡ፤ ባለ ቀንዱም ተመለሰ፣ እግር ኳሱም ተመለሰ። ከላይ አንድ ጽሑፍ መጣ።

«ምን ይላል?» አለች እናቴ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቸኩል ተረጎምኩ። «‹እንኳን ደህና ተመለስክ፣ ታምራት። ናፍቀኸን ነበር› ይላል።»

አቶ ማርቆስ «አሜን» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት።

«እነሱ ጋ አለ ማለት ነው?» አለች እናቴ።

«እነሱ ጋ አለ፣ እማዬ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል «እንግዲህ ማንም እንዳይነግራቸው» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«በተለይ አንተ።»